መዝገቡን የሞላች መዝገቡን ትጠይቅ

ከደሴ ተነስቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ኩታበር የተጓዘ ሰው የአገሩን መልክ አይረሳውም። ደጋው ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ማለዳ ጉም የማይለየው ቀዝቃዛ ምድር ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ መሬቱ ቁልቁል ይሰበርና የበሽሎ ወንዝ መነሻ ይሆናል፤ ውኃው ዓባይ እስኪገባ ድረስ እየወረደ የሚያልፈው በቆላ ነው። እንዲህ ባለ አገር የጤና ሠራተኛው ስለ ሳንባ ምችም ስለ ወባም በአንድ ሳምንት ውስጥ መጨነቁ አይቀርም። ቆላ ወርዶ ማሽላ ሲያጭድ የሰነበተ ገበሬ ደጋ ቤቱ ሲመለስ ትኩሳቱንም ይዞት ሊመለስ ይችላልና።

ይህ ጸሐፊ ወደ አካባቢው የሄደው የገብስ ዘር አቅርቦትን ጉዳይ ለመከታተል ነበር። ከመደበኛ ሥራው ወጣ ብሎ ስለ ጤና መረጃ እንዲጽፍ ያነሳሳው ግን ዝናብ እስኪያባራ በተጠለለበት በአንድ ጤና ኬላ ውስጥ ያያት የእንጨት ሳጥን ናት።

ሳጥኗ ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ብትሆን ነው። በውስጧ እንደ ደብዳቤ መደርደሪያ የተከፋፈሉ ክፍሎች ሲኖሩ፣ በየክፍሉ ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የወራቱ ስም ተለጥፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ቲክለር» ይሏታል። አሠራሯ እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን በተወለደ በ6 ሳምንቱ የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት ይወስዳል፤ ሁለተኛው በ10ኛው፣ ሦስተኛው በ14ኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን በወሰደ ዕለት ካርዱ ቀጣዩ ቀጠሮው በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እናቲቱ ሕፃኑን ይዛ ስትመጣ ካርዱ ይወጣል፣ ይሞላል፣ ወደሚቀጥለው ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀሩት ካርዶች ያልመጡት ሕፃናት ናቸው። መደመርም መቀነስም የለም፤ ማን እንደቀረ፣ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነ ካርዱ ራሱ ይናገራል።

«እኔ ብረሳ እሷ አትረሳም» አለች ሠራተኛዋ፣ ከሰኔው ክፍል የቀሩትን ካርዶች እያወጣች።

ከሳጥኗ በላይ በግድግዳው ላይ ደግሞ የወባ ክትትል ሠንጠረዥ ተለጥፏል። በየሳምንቱ የተገኘው የወባ ሕሙማን ቁጥር በእርሳስ ነጥብ ይመለከትበታል፤ ነጥቦቹም በመስመር ይያያዛሉ። ከዚሁ ጎን አስቀድሞ የተሰመረ ሌላ መስመር አለ። እርሱም ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች መካከል በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነውን እየተከተለ የተሰመረ የማስጠንቀቂያ ወሰን ነው። የዘንድሮው መስመር ከወሰኑ በላይ ሲወጣ ወረርሽኝ ሊነሳ ነው ማለት ነው፤ ሠራተኛዋም ማንንም ሳትጠብቅ ለጤና ጣቢያው ታሳውቃለች።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም መረጃን መጠየቂያ መሣሪያዎች ናቸው። ሳጥኗ «ማን ቀረ?» የሚለውን፣ ሠንጠረዡ «ከወትሮው በዝቷልን?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳሉ። ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ትምህርት አልተፈለገም፤ የ10ኛ ክፍል ትምህርቷን ጨርሳ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰደች አንዲት የገጠር ልጅ በሚገባ ትጠይቅባቸዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡ፣ ከእርሻ ኤክስቴንሽን የተወረሰውን የሞዴል ቤተሰብ ዘዴ ከነዚህ ዓይነቶቹ ቀላል መሣሪያዎች ጋር ይዘው ነው ወደ ሥራ የገቡት።

ይሁን እንጂ መረጃው ከጤና ኬላው ወጥቶ ወደ ላይ በተጓዘ መጠን የመጠየቅ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ጉዞው እንደሚከተለው ነው። ከወሩ 21 ቀን ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 ቀን ያለው ሥራ ተደምሮ በወረቀት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ የጤና መረጃ ቴክኒሺያኑ ተቀብሎ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ሥርዓት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጣለ፣ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እየተሻሻለ የመጣና በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚሠራበት ነው። ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ብሎ በሰየመው መርሐ ግብር ሥር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር እንዲቀበል መደረጉ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በሰኔና በጁን መካከል ሲንገላታ የኖረ የወረዳ ሠራተኛ የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ስለዚህ መረጃ የለንም አይባልም። ችግሩ ሌላ ነው። ጥያቄው ያለው ከአዋላጇ፣ ከነርሱ፣ ከወረዳው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ባለሙያ ዘንድ ነው። የመጠየቂያው ቁልፍ ግን የይለፍ ቃሉን ከያዘውና አጠቃቀሙን ከሚያውቀው ከአንድ ሰው እጅ ነው። እርሱ ለሥልጠና ከሄደ፣ ከታመመ፣ ወይም ሥራ ከለቀቀ ጥያቄው ይቆያል።

ለምሳሌ ያህል ይህ ጸሐፊ የሚያውቀውን አንድ ጉዳይ እናንሳ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። አንዲት የእናቶች ጤና ባለሙያ፣ ነፍሰ ጡሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርግዝና ክትትል ከመጡ በኋላ ለምን ደግመው እንደማይመጡ ታስባለች። የመንገዱ ርቀት ይሆንን? ወይስ የእርሻው ወቅት? ለማወቅ የፈለገችው ቀላል ነበር፦ በየጤና ጣቢያው፣ በየወሩ፣ ስንት ጀመሩ፣ ስንት ቀጠሉ? ቁጥሩ ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ለመረጃ ክፍሉ ሰጠች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሳት በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃላት የተሞላ፣ ግማሹ ካልጠየቀችው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ብዙ ገጽ ወረቀት ነበር። በመጨረሻ ምን አደረገች? ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ እየዞረች ከመዝገቡ በእርሳስ ቆጠረች። ውጤቱ በሰኔና በሐምሌ፣ ማለትም በእርሻው ወቅት የሚቀሩት እንደሚበዙ አሳያት። መልሱ ግን የተገኘው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅማል ይባል ይሆናል፤ የዚያ ዓመት ነፍሰ ጡሮች ግን ያን ጊዜ ወልደዋል።

ይህ ዓይነቱ ችግር በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስል ትንሽ ወደ ውጭ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1974 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረቦች የሆኑት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ፣ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የሚባለውን የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ አቀረቡ። ያሰቡት ለኮምፒዩተር ሊቃውንት ብቻ አልነበረም። የሒሳብ ሠራተኛው፣ መሐንዲሱ፣ የከተማ ፕላን አውጪው ጥቂት ቃላት ተምሮ የሚፈልገውን ራሱ እንዲጠይቅ ነበር ምኞታቸው። ቋንቋው ዓለምን አዳረሰ፤ ሆኖም የባለሙያዎች ቋንቋ ሆኖ ቀረ። የሒሳብ ሠራተኛው አልተማረውም።

በዚያው ኩባንያ ሞሼ ዝሉፍ የተባለ ሌላ ሰው በ1975 የተለየ መንገድ ይዞ መጣ። ቋንቋ ከማስተማር ይልቅ ለጠያቂው ባዶ ሠንጠረዥ ፊቱ ላይ አቀረበለት። ሰውየው የሚፈልገውን ዓይነት መልስ ምሳሌ አድርጎ በሠንጠረዡ ዓምድ ውስጥ ይጽፋል፤ ማሽኑ ያንን የመሰለውን ሁሉ ፈልጎ ያወጣል። ፎርም መሙላት የሚችል ሁሉ መጠየቅም ይችላል ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክን አወጡ፤ ይህም የሒሳብ ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን በእርሳስ ሲሞላው የኖረው ባለ መስመር ወረቀት በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የተነሳ ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ኤክሴል የዚያ ልጅ ነው። የወረዳ ሠራተኛ ሁሉ ኤክሴልን የማይፈራበት ምክንያት ሲፈለግ ከዚህ ይገኛል፦ ወረቀቱን ያውቀዋልና ነው።

በሕክምናው መስክም የታየው ይኸው ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተሠራው አይ 2 ቢ 2 የተባለ ሥርዓት፣ ሐኪሙ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም ከዝርዝር ውስጥ እየጎተተ ወደ ባዶ ሳጥኖች እንዲያስገባ ያደርገዋል። «ስኳር ያለበት»፣ «ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ»፣ «ይህን መድኃኒት የወሰደ» ብሎ ሳጥኖቹን ሲሞላ ስንት ሕሙማን እንዳሉ ቁጥሩ ይመጣለታል። ከጀርባ ያለው ቋንቋ ያው የሊቃውንቱ ቋንቋ ነው፤ ሐኪሙ ግን አያየውም።

እንግዲህ የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። የጤና መረጃ ሥርዓታችን የመጠየቂያ ገጽ የጤና ኬላዋን ሳጥንና የግድግዳውን ሠንጠረዥ ይምሰል። ባለሙያዋ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት የምታየው የማታውቀው መስኮት ሳይሆን ራሷ በየቀኑ የምትሞላው መዝገብ ይሁን። የክትባት መዝገቡ ዓምዶች በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው በአማርኛ ስማቸው ይቅረቡላት። «ፔንታ 3» በሚለው ዓምድ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ «የወሰዱ»፣ «ያልወሰዱ» የሚል ምርጫ ይምጣላት። «ያልወሰዱ» ብትል ቁጥሩ፣ ቀጥሎም ቀበሌው፣ ከተፈቀደላትም ጎጡ ይታያት። ወሩም ከ21 እስከ 20 የሚቆጠረው የሪፖርቱ ወር ይሁን እንጂ ሌላ አይሁን። የወባውም ቁጥር ቢሆን እንደ ግድግዳው ሠንጠረዥ ከማስጠንቀቂያው ወሰን ጋር ተሰምሮ ይውጣ፤ እርሷ ያንን ሥዕል ማንበብ ከለመደች ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸው ሲታሰብ፣ የአንድን ቀበሌ መስመር መነሳት በአንድ ሳምንት ማየትና በአንድ ወር ማየት ያላቸው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ይህ ሕልም ነው የሚል ቢኖር ሥራው በከፊል መጀመሩን እናስታውሰዋለን። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ራሱ ዓምድና ረድፍ እየለዋወጡ ማየት የሚቻልበት ሠንጠረዥ አለው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የቤተሰብ ማኅደሩን በታብሌት ላይ ያወጣ፣ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በየአካባቢው ሲገባ ቆይቷል። የቀረው ነገር የሚመስለን መሣሪያው ሲታሰብ ከመሙላቱ ጋር መጠየቁም እኩል መታሰቡ ነው። ሥልጠናው ሁሉ «እንዴት ይሞላል?» የሚል ነው፤ ሦስት ቀን ስለ መሙላት ይሰጥና ስለ መጠየቅ የመጨረሻዋ ቀን የመጨረሻ ሰዓት ትቀራለች፤ ያን ጊዜም ሰልጣኙ የአበሉን መክፈያ ሰነድ እየፈረመ ነው። (ወደ እኛ ወደ እርሻው ቤት ብንመጣም ነገሩ ያው ነው። የልማት ሠራተኛው የታረሰውን ሄክታር፣ የተሠራጨውን ማዳበሪያ ሲልክ ይኖራል፤ «ባለፈው ዓመት በዚህ ጎጥ ዋግ የመታው የትኛውን ዘር ነበር?» ቢል ግን መልስ የሚያገኝበት ቦታ የለውም።)

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። ሁለቱም ቁም ነገር ያላቸው በመሆናቸው ችላ ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው «ሁሉም ከጠየቀ ሁሉም ይሳሳታል» የሚለው ነው። እውነት አለው። የክትባት ሽፋን ሲሰላ አካፋዩ፣ ማለትም በወረዳው ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁት ሕፃናት ቁጥር፣ ከሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ በግምት የሚወጣ ነው። ያለፈው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ተሰዷል፣ ተፈናቅሏል፣ ተወልዷል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ከመቶ በላይ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ከመቶ ሕፃናት 108 ተከተቡ የሚል ሪፖርት ያነበበ ሰው ይስቃል፣ ወይም ይደሰታል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የባዶና የዜሮ ነገር ነው። አንድ ጤና ኬላ በወሩ አንድም የወባ ሕመምተኛ ካላገኘ ዜሮ መጻፍ አለበት። ሪፖርቱን ጭራሽ ካልላከ ግን ቦታው ባዶ ነው። በሠንጠረዥ ላይ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ይሆናሉ። የማያውቅ ሰው ባዶውን አይቶ «በዚያ ቀበሌ ወባ ጠፋ» ሊል ይችላል፤ ምናልባት የጠፋው ሪፖርቱ ነው፣ ሪፖርቱ የጠፋውም ሠራተኛዋ ራሷ በወባ ተይዛ ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ጥያቄን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ መልሱ እንዴት መቅረብ እንዳለበት ነው የሚያስተምረን። ከያንዳንዱ መልስ ጎን «ከ34 ጤና ኬላዎች 29ኙ ልከዋል» እንደሚባለው ያለ ቃል ይጻፍ። ባዶው በዜሮ ሳይሸፈን ባዶ ሆኖ ይታይ። ሽፋን ሲነገር አካፋዩ ከየት እንደመጣ አብሮ ይነገር። እንዲያውም ስሕተትን ቶሎ የሚያየው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሪፖርቱን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ለማስተያየት 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ አውጥቶ የመፈተሽ ዘዴ በጤና ጣቢያዎቻችን አለ፤ በየወሩ የሚሰበሰብ የአፈጻጸም ክትትል ቡድንም አለ። ቡድኑ የተዘጋጀ ወረቀት ተነቦለት ከሚነሳ ስብሰባው ላይ ሆኖ ራሱ እየጠየቀ ቢወያይ፣ «ይህ ቁጥር እኛን አይመስልም» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ምሥጢር ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ገጠር ከተማ አይደለም። በአንድ ጎጥ ውስጥ «የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የምትወስድ፣ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 34 የሆነ፣ ነፍሰ ጡር» ተብሎ ቢጠየቅና መልሱ «1» ቢሆን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። የቦስተኑ ሥርዓት ለዚህ መላ አለው፦ ዝርዝር እንዲያይ ላልተፈቀደለት ጠያቂ ቁጥሩን በጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረገ ይመልሳል፤ በጣም ትንሽ የሆነውንም በትክክል አይናገርም። እኛም ከዚህ የተሻለ እንጂ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ አይገባንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የክትባት ቀሪዎችን ስም ማየት ያለባት የዚያው ቀበሌ ሠራተኛ ናት፤ ለወረዳው ቁጥሩ ይበቃዋል፤ ለዞኑ ደግሞ ጎጡም አያስፈልገውም። ማን ምን እንደጠየቀም ይመዝገብ። መዝገብ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ይፈርም የለምን?

ዛሬ ዛሬ በአማርኛ ጥያቄ ቢጻፍለት በአማርኛ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷልና ስለ ዓምድና ስለ ሳጥን ማውራት ያረጀ ነገር ነው የሚሉ ወጣቶች ገጥመውናል። እኛም ወጣቶች ነን፤ ነገሩን አንጠላውም። ቢሆንም አንድ ማሽን «ቀሪዎቹ 14 ናቸው» ብሎ በጥሩ አማርኛ ሲናገር የትኞቹን ቆጥሮ እንደሆነ አይታይም። ከሳጥኗ ውስጥ የቀሩት ካርዶች ግን አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የተሳሳተው ካርድም በእጅ ተይዞ «ይህችማ ደሴ እናቷ ዘንድ ሄዳ አስከትባለች» ይባልበታል። አማርኛ የሚሰማው ማሽን ሲመጣ ካርዶቹን አውጥቶ የሚያሳይ ሆኖ ይምጣ።

ወረቀቱ ብቻውን ይበቃል ማለታችንም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። መዝገብና ካርድ የተበተነበት ተቋም የትኛው ሕፃን የት እንደደረሰ የሚያውቀው እናቲቱ በእጇ ከያዘችው የክትባት ካርድ፣ ካልሆነም ከሠራተኛዋ ትዝታ ብቻ ነበር። ሳጥኗ በኮምፒዩተር ውስጥም መንትያ ቢኖራት ኖሮ ሥራውን እንደገና ለመጀመር ምንኛ በቀለለ!

ዝናቡ አባርቶ ከጤና ኬላው ስንወጣ ሠራተኛዋ ከሰኔው ክፍል ያወጣቻቸውን ሦስት ካርዶች በፕላስቲክ ጠቅልላ ከብርድ ልብሷ ሥር አደረገቻቸው። ሁለቱ ከአንድ ጎጥ መሆናቸውን ነገረችን። ሦስተኛው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ውኃው ሳይሞላ ቀድማ ወደዚያ ልትሄድ ነበር።